የዶክተሩ እህት

ጉዲቱ አዳማ ውስጥ በዶክተር ዳዊት ክሊኒክ በነርስነት ስትቀጠር ገና ልጅ እግር ነበረች። ዶክተሩ ከፖላንድ የመጡ አይሁዳዊ ናቸው። ወላጅ፣ ወንድም፣ ዘመድ፣ ሁሉም በዚያ በትልቁ ጦርነት አልቀውባቸው፣ ብቻቸውን ተርፈው፣ በአዳማ ሙቀት አርጅተዋል። ከአገራቸው የቀራቸው በቆርቆሮ ሣጥኖች የታሸገ ሁለት ጥቅል ፊልም ነበር። ታናሽ እህታቸው ሪቭካ ከጦርነቱ በፊት፣ ይዲሽ በሚባለው በእናታቸው ቋንቋ በተሠራ ፊልም ላይ ሙሽራ ሆና ተጫውታለች። ሌላ ፎቶግራፍ እንኳ የላትም።

አንድ ጊዜ ፊልሙን ወደ ሲኒማ ቤት ወስደውት ነበር። ማሽኑን የሚያሠራው ሰውዬ ከፈት አድርጎ አሸተተና መለሰላቸው።

«ጌታዬ፣ ይሄ የጥንቱ ዓይነት ነው። ሙቀት ሲነካው እንደ ቤንዚን ነው የሚነደው።»

ዶክተሩ ሣጥኖቹን ታቅፈው ተመለሱ። እህታቸውን ሳያዩ አልጋ ያዙ። ሊሞቱ ሲሉ ጉዲቱን ጠርተው፣ «ቀዝቃዛ ቦታ አኑሪልኝ፤ አደራ» አሏት።

አዳማ ላይ ቀዝቃዛ ቦታ ከየት ይመጣል? ጓዳ፣ ከውሃው እንስራ ሥር አኖረችው። ባሏ ኢተፋ የፊልሙ ሽታ ሲያስመርረው «ወዲያ ጣይልን!» ይላታል።

«አደራ በላ ሆኜ ልሙት?» ትለዋለች።

ባሏም ሞተ፤ እሷም ሸበተች። በኋላ ልጇ ሃዊ የሣጥኖቹን ፎቶ አንስታ፣ ውጭ አገር የድሮ ፊልም ለሚጠግኑ ሰዎች ላከች። ሰዎቹ መጡ። አንደኛው ሣጥን ሲከፈት ፊልሙ ቡናማ ዱቄት ሆኗል። ሌላው እርስ በርሱ ተጣብቋል። «ምናልባት ትንሽ እናተርፍ ይሆናል» ብለው ይዘውት ሄዱ።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ሃዊ ላፕቶፕ ይዛ መጣችና እናቷ ፊት ከፈተችው። ጭረት በበዛበት ምስል ውስጥ ነጭ የለበሰች ቀጭን ልጅ ብቅ አለች። የሚያለቅስ ሕፃን አነሳችና፣ «ሻ፣ ሻ» እያለች አባበለችው።

ጉዲቱ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«ምነው እማዬ?»

«ዶክተሩ መርፌ ሲወጉ ልጆቹን እንዲህ ነበር የሚሏቸው! እኔ እኮ ኦሮምኛ ሲሞክሩ ይመስለኝ ነበር።»

ሙሽራዋ ሕፃኑን አቅፋ ወደ በሩ ስትዞር ምስሉ ጠቆረ።

«ሠርጉስ?»

«የተረፈው ይሄው ነው፣ እማዬ።»

ጉዲቱ ድገሚልኝም አላለች።

እሑድ ዶክተሩ የተቀበሩበት ቦታ ሄደች። በመንገድ ላይ ስለ ሪቭካ የምትነግራቸውን ስታሰናዳ ነበር፤ አፍንጫዋ ቁርጥ የእሳቸው መሆኑን፣ አካሄዷን፣ ድምፅዋን። እዚያ ስትደርስ ግን ያ ሁሉ ጠፋባት። የመቃብሩን ድንጋይ አቧራ በመዳፏ ጠረገች።

«አየኋት፣ ዶክተር» አለች። «ቆንጆ ናት። ግን ማየት የነበረብዎት እርስዎ ነበሩ።»

ከዚያ ፀሐዩ እስኪበረታ ድንጋዩ አጠገብ ተቀምጣ አለቀሰች።