ስምዖን መነኩሴው

ስምዖን አዲስ አበባ ሳለ መድረክ ላይ ከመነኩሴ በቀር ሌላ ነገር ሆኖ አያውቅም ማለት ይቻላል። ሌላ ሚና ስጡኝ ቢል ማን ሰምቶት። ቆቡን አጥልቆ መቁጠሪያ ሲይዝ አዳራሹ ጸጥ ይላል፤ መንገድ ላይ እንኳን እያስቆሙ "ይባርኩኝ" የሚሉት ነበሩ። ታላቅ እህቱ ሔዋን ግን "በመነኩሴ ቆብ እንጀራ ይበላል?" ብላ ፊቷን አዞረችበት። ተሰደው ስዊዘርላንድ ከገቡም በኋላ እሷ ጄኔቫ፣ እሱ ዙሪክ ሆነው እንደተኳረፉ አረጁ። የአንድ እናት ልጆች ናቸዋ፤ ግትርነቱን እኩል ነው የተካፈሉት።

ስምዖን ጡረታው እስኪደርስ ዙሪክ አንድ ሙዚየም ውስጥ ጥበቃ ነው። በዚህ የብርድ ወራት የሚጠብቀው ክፍል፣ ካቡኪ የሚባለውን የጃፓን ቲያትር ተዋንያን የሚያሳዩ፣ በተቀረጸ እንጨት አማካይነት ወረቀት ላይ የታተሙ ሥዕሎች ተሰቅለውበታል። ብዙዎቹ መነኩሴ ሆነው የተጫወቱ ናቸው፤ ራሳቸውን ተላጭተው መቁጠሪያ ጨብጠዋል። ሥዕሎቹ ፊት ሲቆም ደስም ይለዋል፣ ሆዱም ይባባል። ሠዓሊው ልብሱን የመነኩሴ ቢያደርገውም ፊቱን የተዋናዩን ነው የተወው፤ ስሙንም ጎኑ ጽፎለታል። እህቴ ይህን ብታይ ይገባት ነበር ይላል ለራሱ። ግን ደውሎ አልጠራትም።

የካቲት ላይ የሔዋን ልጅ ሜሪ ጄኔቫ ካለው ለ ሊኞን ከሚባለው ሰፈር ደወለች።

"ጋሼ፣ ማማ ኦፒታል ናት፤ በጣም አሟታል። ቄስ ፈለገች፣ ቄሱ ደግሞ ነገ ነው የሚመጣው። አንተ ግን ዛሬውኑ ና።"

በባቡር ገሰገሰ። ጥቁር ካፖርቱንና ጥቁር የሱፍ ቆቡን እንዳደረገ፣ ነጭ ጢሙን እንዳንዠረገገ የሆስፒታል ክፍሏ ገባ። ትኩሳት የሚያቃዣት ሔዋን ገና ስታየው ልትነሳ ታገለች።

"መጡልኝ አባቴ?"

ቆቡን ሊያወልቅ እጁን ሰደደ። ፊቷ ላይ ያለውን እፎይታ ሲያይ ግን እጁን መለሰ።

"ወንድሜን በድያለሁ" አለች። "እናታችን ስትሞት እንኳን ቢደውል አላነሳሁለትም። ይቅር ይለኛል?"

ቃል ሲፈልግ፣ የወጣለት ያው የመድረኩ ድምፅ ሆነ።

"ይቅር ብሎሻል፣ ልጄ።"

ራሷን ነቀነቀች። "እርስዎ ደግ ስለሆኑ ነው እንዲህ የሚሉኝ። እሱ ራሱ ይምጣና ይንገረኝ።"

ያኔ ቆቡን ከራሱ ላይ መነጨቀው። "እትዬ፣ እኔው ነኝ። ስምዖን ነኝ።"

"አይዋሹኝ አባቴ" አለች በትሕትና፤ "እሱ እኔ ጋ አይመጣም።"

ለመናት፣ አለቀሰ፣ በልጅነት ስሟ ጠራት። እሷ እጁን ስማ መጽናናቱን ተመኘችለት። በማግስቱ ጠዋት እስክታርፍ ድረስ ዓይኗን ከበሩ ላይ አልነቀለችም፤ ወንድሟ እጇን ይዞ አጠገቧ ተቀምጦ ነበር።