ያልተሣለው ሐረግ

አርብ ገበያ ላይ ዝናቡ ድንገት ሲያወርደው ሰው ሁሉ እህሉን እየሸፈነ ወደ ሱቆቹ በረንዳ ሮጠ። የኔታ አለባቸው ግን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ዐይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠዋል፤ ቀለሙ ያልደረቀ ብራና ጭናቸው ላይ ተዘርግቷል። ትንሽ ራቅ ብላ የቀሚስ ጥልፍ ንድፍ በእስክርቢቶ የምትሥለው ሕሊና ተነሥታ ጃንጥላዋን ብራናው ላይ ዘረጋች። ዝናቡ እስኪያባራ እሷ በሰበሰች። ከዚያ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ያየኋት እኔ ብቻ ነኝ ብሎ የዚህ ታሪክ ጸሐፊ አምላኩን አመሰገነ።

የኔታ የብራና መጽሐፍ ራስጌ የሚያጌጥበትን ሐረግ በብዕር መሣል የተማሩት እስቴ፣ በቆሎ ተማሪነታቸው ነው። ከዚያ ወዲህ የሌላ ሰው ሐረግ አይተው «ደግ ነው» ያሉበት ቀን የለም። አንድ የንፋስ መውጫ ዲያቆን ከስልኩ አይቶ የቀዳውን ሐረግ ሊያሳያቸው ቢመጣ፣ «ልጄ፣ ይኸ የዱባ ሐረግ እንኳ አይሆንም፤ ዱባስ ያፈራል» ብለው ሸኙት። ሕሊናንማ ከሰው አይቆጥሯትም።

«የኔታ፣ እንዴት ዋሉ?» ትላቸዋለች በየገበያው።

«ከቀሚስ ጫፍ ራቅ ብዬ፣ ደኅና።»

«የዛሬውን ንድፌን አያዩልኝም?»

«አይቼዋለሁ። ዶሮ ጭቃ ላይ ስትሄድ።»

«ዶሮዋም እርስዎ ዘንድ ነዋ የተማረችው!» ብላ ትስቃለች።

የኔታ ከከባድ ሕመም የተነሡ ጊዜ ለማርያም ዳዊት ጽፈው ሊሰጡ ተስለዋል። ጽሕፈቱ አልቋል፤ የቀረው የውዳሴ ማርያሙ ራስጌ ሐረግ ብቻ ነው። ንግሡ መስከረም ሃያ አንድ ነው። ቀኝ እጃቸው ግን ከክረምቱ ወዲህ ይንቀጠቀጣል።

የዚህ ታሪክ ጸሐፊ አጠገባቸው ቁጭ ሲል ብራናውን አየ። ከጽሑፉ በላይ ባዶ ቦታ አለ፤ በባዶው ላይ አንዲት መሥመር ተጀምራ እንደ ሰካራም ተንገዳግዳ ቀርታለች።

«እንቅልፍ ጥሎዎት ነበር፣ የኔታ?»

«ማን ተኛ?» ዐይናቸውን ገለጡ። «ጃንጥላዋ ቀዳዳ ነው፤ ማጅራቴን አራሰችኝ። ጃንጥላ መያዝ እንኳ የማታውቅ!»

 ብራናው ሲደርቅ በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለሉና በጸሐፊው ጭን ላይ አኖሩት።

«ለሕሊና ውሰድላት፤ ሐረጉን ትሣልበት። እኔ ብሰጣት ትስቅብኛለች። እንደ ቀሚስ አበባ እንዳታበዛበት ንገራት። ያችን ጠማማ መሥመርም በምላጭ ፍቃ ታጥፋት።» ቀኝ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ። «መሥመሯን ማን ሣላት ካለችህ ግን፣ በእመቤታችን ይዤሃለሁ፣ እኔ ነኝ በላት። እኔ ሳልሆን አንተ ነህ የሣልካት።»