አታክልቲ ቀልድ የተወበት ክረምት

አታክልቲ ካዛንቺስ ውስጥ ባለ አንድ ሆቴል ምድር ቤት የልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ኃላፊ ነበር። ሠራተኞቹ ላውንደሪ ይሉታል፤ መስኮት የለውም፣ ክረምት ከበጋ እንፋሎት ነው። ደሞዙም የሚያወላዳ አይደለም። እንዲያም ሆኖ ከዚያ ክፍል ለቆ የሚሄድ ሰው አይታይም ነበር። ፎቅ ላይ ያሉት አስተናጋጆች ቦሌ አዲስ ሆቴል በተከፈተ ቁጥር ውልቅ ይላሉ፤ ታች ያሉት ሴቶች ግን ንቅንቅ የለም።

ምክንያቱን ሁሉም ያውቀዋል፦ አታክልቲ ሰው ያስቃል። ማጠቢያው ማሽን ሲቆም፣ “አትንኳት፣ ሱባዔ ገብታለች” ይላል። አንሶላ ላይ የቅቤና የሚጥሚጣ እድፍ ሲያይ ገልጦ እያሳየ፣ “ይኼ ሰውዬ ክትፎውን በልቶታል ወይስ ተኝቶበታል?” ብሎ ይጠይቃል። ከአዲግራት ይዞት የመጣው አነጋገር ከአማርኛው አልለቀቀም፤ እሱም ሆን ብሎ ያጠብቀዋል። አስቀድሞ በራሱ ስለሚስቅ ሌላው በሱ የሚስቅበት ቀዳዳ አያገኝም። በሰው ላይ ግን አይቀልድም። አርፍዳ የመጣችውን ሴት ሌላው አለቃ ቢሆን ይቆጣታል፤ እሱ ወንበር ያቀርብና “እንግዳ መጣችልን” ይላል። በማግስቱ ከሁሉም ቀድማ ትገባለች።

ካውያ ከያዙት ሴቶች ሁሉ አንጋፋዋ እትዬ ማሚት፣ የእህቷ ልጅ ቦሌ የተሻለ ሥራ ባገኘችላት ጊዜ እምቢ ብላ ቀርታለች። “እዚያ ማን ያስቀኛል?” አለች አሉ።

ያላዩለት ነገር ቢኖር ድካሙን ነው። ላንቻ ቤቱ ሲገባ ጫማውን ያወልቅና ግድግዳ ግድግዳውን ያያል። ሚስቱ ሰምሃል በትግርኛ፣ “ለነሱ የሚወራው ለኛ ሲሆን የለም?” ትለዋለች።

“እዚያው አለቀ” ይላታል።

ሚሊኒየሙ ሊገባ ባለው ክረምት ሆቴሉ ወጪ ይቀንስ ተባለ። ሥራ አስኪያጁ አቶ አምኃ አታክልቲን ቢሮው ጠርቶ አስቀመጠውና፣ ማታ የሚወጡትን ሠራተኞች በየሰፈራቸው የሚያደርሰው ሰርቪስ ሊቀር መሆኑን ነገረው።

“ለሌላው ክፍል ማስታወቂያ እንለጥፋለን” አለ። “ላውንደሪዎቹን ግን አንተ ንገርልኝ። ካንተ አፍ ሲወጣ ኮሶም ማር ይሆናል።”

“ማታ ታክሲ አይገኝም እኮ፣ አቶ አምኃ። አብዛኞቹ የቄራ ሰዎች ናቸው።”

“አውቃለሁ። ለዚህ እኮ ነው የጠራሁህ።”

አታክልቲ ደረጃውን ሲወርድ የሚለውን ያሰላስል ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ በመመረጡ ትንሽ ኮራ ብሏል። ሴቶቹን ሰብስቦ ጉሮሮውን ጠረገ።

“ሆቴላችን ለጤናችሁ ተጨንቆ ከሰኞ ጀምሮ ስፖርት አዟል። መነሻ ካዛንቺስ፣ መድረሻ ቄራ። ትጥቁ ኮንጎ ጫማ፣ ሽልማቱ ቤት ገብቶ እግር መታጠብ። ሰርቪሱ በቃ፣ ጡረታ ወጥቷል።”

ሳቁ። አንዷ ባለችበት የሩጫ እግር ስታነሳ የባሰ ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ የሚጠይቅ አልተገኘም፤ ሁሉም ወደ ሥራው ተመለሰ። አቶ አምኃ ደውሎ አመሰገነው። ሌላው ክፍል ሲያጉረመርም ላውንደሪ ጸጥ ማለቱ ደንቆታል።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ እትዬ ማሚት ከሥራ ወጥታ በዝናብ ወደ ቤቷ ስትሄድ፣ መንገድ ዳር ለቱቦ የተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ወደቀች። የቀኝ እጇ አንጓ ተሰበረ።

አታክልቲ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ብርቱካን ይዞ ቄራ ሄደ። እጇ በጀሶ ተጠቅልሎ አልጋዋ ላይ ተደግፋ አገኛት። ገና ሳይቀመጥ ፈገግ አለች።

“ስፖርቱን አቋረጥኩት፣ አታክልቲ።”

ሊስቅ ሞከረ፤ አልመጣለትም። “ይቅር በይኝ፣ እትዬ ማሚት።”

“አንተ ደግሞ ምን አደረግህና? አንተ ባትነግረን ኖሮ የዚያን ዕለት ጉድ ይፈላ ነበር። ተንጋግተን ቢሮው ድረስ መውጣታችን ነበር። የልጆቹን ምላስ ታውቀው የለ። ማን ያውቃል፣ መኪናውንም ይተዉልን ነበር ይሆናል። ብቻ ተመስገን ነው፣ አሳቅኸንና በሰላም አለፈ።”

ይህን ያለችው ልታመሰግነው ነበር፤ አንዳችም የነገር ጫፍ አልነበረበትም። አታክልቲ ብርቱካኑን እየላጠ አቀበላት። ሲወጣ ታክሲ አልያዘም፤ በዝናቡ በእግሩ ወደ ላንቻ ሄደ።

ነሐሴ ላይ አቶ አምኃ እንደገና ጠራው። አሁን የሚቀረው የሠራተኛው ምሳ ነው።

“ፍልሰታ ላይ መሆናችን ጥሩ ነው” አለ አቶ አምኃ። “ከጾሙ ጋር አያይዘህ አንድ ነገር ጣል አድርግበት።”

“ልንገራቸው። ቀልዱ ግን ይቅርብኝ።”

“ያለ ቀልዱማ ማንም ይነግራቸዋል።”

አታክልቲ ደረጃውን ወረደ። ሴቶቹን ሰበሰበ። “ከመስከረም ጀምሮ ምሳ የለም” አላቸው። “ሆቴሉ ሊያቆመው ነው።”

ጠበቁት። አንዷ ከወዲሁ መሳቅ ጀምራ ነበር፤ ፊቱን ስታይ ተወችው።

“ከዚያስ፣ ጋሽ አታክልቲ?”

“ከዚያማ የለም። ቅር ያለው ሥራ አስኪያጁን ይጠይቅ። ቢሮው የት እንደሆነ ታውቃላችሁ።”

ከዚያ አንዷ ካውያዋን ነቀለች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ጋውናቸውን እንደለበሱ እንግዳ በሚወጣበት ደረጃ ወጡ። አታክልቲ ከኋላ ከኋላቸው ሄዶ ቢሮው በር ላይ ቆመ። አቶ አምኃ ተመለስ ቢለውም አልተመለሰም።

ምሳው እንዳለ ቀጠለ። ሰርቪሱ አልተመለሰም። ጥቅምት ላይ አታክልቲን “ትንሽ ዕረፍት ያስፈልግሃል” ብለው የአንሶላ መጋዘን ውስጥ አስቀመጡት። በቦታው የመጣው ኮሌጅ የጨረሰ ወጣት ነው፤ እሱም ይቀልዳል አሉ፣ በሴቶቹ ውፍረት። ዓመቱ ሳያልቅ ግማሾቹ ቦሌ ገቡ። አንዷ ልትሰናበተው መጥታ፣ “አንተ ብትኖር አልሄድም ነበር” አለችው።

“እኔም ብኖር ሂጂ ነበር የምልሽ” አላት።

እትዬ ማሚት እጇ ካውያ አላነሳ ስላለ እሷም ወደ መጋዘኑ ተዛወረች፤ የተቀደደውን አንሶላ ከደህናው ትለያለች። ሁለቱ ቀኑን ሙሉ አብረው ይውላሉ፤ ወሬያቸው ትንሽ ነው።

“እስቲ አንድ ነገር በል፣ ቀኑ ይሂድልን” ትለዋለች አንዳንዴ።

“ደክሞኛል፣ እትዬ ማሚት።”

“ይሁን፣ እኔም ደክሞኛል” ትላለች። ከዚያ አንዱን የአንሶላ ጫፍ እሷ በደህናው እጇ፣ ሌላውን እሱ ይዘው ያጥፋሉ።