ትሉን ስለማጥፋት የተሰጠ ትምህርት

በጣልያን ጊዜ ሸዋ ሮቢት ላይ የአንድ ጥጥ ኩባንያ አስተርጓሚ ነበርኩ። የደብረ ሲና ልጅ ነኝ፤ ጣልያንኛውን የለቀምኩት አሥመራ ስሠራ ነው። የኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት ጣልያን አገር ነበር፤ እርሻዎቹ ደግሞ እኛም ዘንድ፣ ሶማሌም፣ ሌላም ቦታ። ዋናው መሥሪያ ቤት ያስባል፣ እርሻዎቹ ይታዘዛሉ። መሬቱ የማን እንደነበረ የጠየቀ የለም፤ ባለቤቶቹ በቀን ሠራተኝነት ገብተውበታል።

አንድ ዓመት ትል የጥጡን ፍሬ እየቦረቦረ ፈጀው። ሥራ አስኪያጁ ለዋናው መሥሪያ ቤት ቴሌግራም ቢልክ፣ የትሉ ሁኔታ በዝርዝር ይገለጽ የሚል መልስ መጣለት። ትሉ እስኪገለጽ አልጠበቀም። ስለዚህ ሰውዬው እኔን አስከትሎ፣ ቀወት ውስጥ ጥጥ ሲያለሙ ወደኖሩ አንዲት ሙስሊም ባልቴት ዘንድ ሄደ።

እትዬ እላቸው ነበር። ማሳቸው ዳር ቆመው አዳመጡንና፣ ትሉ ግንዱ ውስጥ ስለሚከርም ከለቀማ በኋላ ነቅለው እንደሚያቃጥሉት፣ በዓመቱም እዚያው ላይ ማሽላ እንደሚዘሩ ነገሩን። ሥራ አስኪያጁ አመስግኖ ሄደ፤ ለአለቆቹም ጻፈላቸው። እትዬን ለምን እንደነገሩት በኋላ ብጠይቃቸው፣ ትሉ የሱን ጨርሶ ወደኔ እንዳይመጣ ብዬ ነው አሉኝ።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ከጣልያን አንድ ባለሙያ መጣ። አርበኞች ጣርማ በር ላይ መንገድ ዘግተውበት ሰንብቶ ነው የደረሰው። ገበሬው ይሰብሰብልኝ አለ፤ ወታደሮች ሰበሰቡለት። እትዬም መጡ። ባለሙያው ኩባንያው ለእርሻዎቹ ሁሉ የሚያዳርሰውን አዲስ ዘዴ አስተማረ፤ ግንዱን ንቀሉ፣ አቃጥሉ፣ በዓመቱ ማሽላ ዝሩ። ቃል በቃል ተረጎምኩ። ሥራ አስኪያጁ ጫማውን ያያል። እኔ ወታደሮቹን አያለሁ፤ ሰው ቢስቅ ምን እንደሚያደርጉ አላውቅም። ማንም አልሳቀም።

እትዬ ተነሡ።

«ልጄ፣ ከየት ነው የተማረው? ጠይቅልኝ።»

ሶማሌ ካለው እርሻችን፣ ተሞክሮ የተረጋገጠ ነው አለ። ለሶማሌው እርሻ ያስተላለፈው ዋናው መሥሪያ ቤት ነው፤ ለዋናው መሥሪያ ቤት ማን እንደነገረው ግን አያውቅም።

«ማሻ አላህ» አሉ እትዬ። «ሶማሌዎቹስ ምን ጨመሩበት?»

ባለሙያው ይህን አልጠበቀም። ትንሽ አስቦ፣ ግንዱ ከመነቀሉ በፊት ፍየል እንደሚለቁበት፣ ፍየሎቹም የቀረውን ፍሬ ከነትሉ እንደሚበሉት ተናገረ። ይህ ግን የአገሬው ልማድ እንጂ የኩባንያው ዘዴ አይደለም ሲል አሳሰበ።

«ይኼንን ነበር ቀድሞ መናገር» አሉ ወደ እኔ ዞረው።

በዚያ ዓመት ለቀማው እንዳለቀ ፍየሎቻቸውን ማሳው ውስጥ ለቀቁ። ፍየሎቹ ወፈሩ፣ ትሉም ቀነሰ። የኩባንያው እርሻ ፍየል ስላልነበረው በማቃጠሉ ብቻ ቀጠለ።

ጣልያን ተሸንፎ ኩባንያው ሲበተን ልሰናበታቸው ሄድኩ። አንድ ወጠጤ ከነነፍሱ አስይዘው ሰጡኝ።

«እኛ ያረድነውን አትበላም» አሉ። «ወስደህ ቤትህ እረደው።»

ገመዱን ይዤ ዳገቱን ተያያዝኩት። ደብረ ሲና ስንደርስ ብርድ ነበር፤ ሁለታችንም አልወደድነውም።