ሦስተኛው ጋን ውስጥ የገባው ሰው

ማላኪ ቱሂ ዊስኪ አንጣሪ ነበር። በአየርላንድ፣ በኛዋ በክሎናዳራ ከተማ፣ ወንዙ ዳር ባለው ፋብሪካ በአሥራ አራት ዓመቱ ተቀጥሮ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዊስኪው ከሚነጠርባቸው ትልልቅ የመዳብ ጋኖች አልተለየም። እኔ ብቅል ቤት ስለነበርኩ ጠባዩን አውቃለሁ። ዝምተኛ ነው፤ እምቢ ካለ ግን እምቢ ነው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባበቃ በስምንተኛው ዓመት ፋብሪካው ተሸጠና ፋርካር የሚባል ስኮትላንዳዊ ሥራ አስኪያጅ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም። በሳምንቱ ሰበሰበንና፣ «ገበያው የሚፈልገው የኛን አገር ዊስኪ ነው» አለ። «ከእንግዲህ ብቅሉ ከረግረግ ተቆርጦ እንደ ማገዶ በሚነድ አፈር ጭስ ይደርቃል። ያልበቀለ ገብስ መቀላቀልም ይቀራል። እንደናንተ ሦስቴ ሳይሆን ሁለቴ ከተነጠረ ይበቃል፤ ሦስተኛው ጋን ይሸጣል።»

«ጌታው፣ ጭስ ያማረው ምድጃ ይላስ» አለ ማላኪ። ሳቅን።

ሰኞ ጠዋት መዳብ ገዢዎች መጋዝና መዶሻ ይዘው መጡ። ማላኪ የለም። ኋላ ከሦስተኛው ጋን ውስጥ ሳል ተሰማ። ለካ ጋኑን ለማጠብ ሰው በሚገባበት ቀዳዳ ሾልኮ ገብቶ ተቀምጧል።

«ውጣ፣ ቱሂ! አብደሃል እንዴ?» አለ ፋርካር።

«አልወጣም! መቁረጥ ካማራችሁ ከእግሬ ጀምሩ!»

«አባቴ ዕድሜ ልኩን ሁለቴ ነው ያነጠረው። ሥራ አያውቅም ልትል ነው?»

ማላኪ ከጋኑ ውስጥ መለሰ። «አባትህን አልነካሁም። የሱ ዊስኪ ወዙ ጭሱ ነው፤ የሱን እሱ ይሥራ። የኛው ግን ጉሮሮ አይቧጥጥም፣ ለስላሳ ነው። ለመሆኑ አንድ አየርላንዳዊ አባትህ ዘንድ ሄዶ 'ጭሱን ተውና ሦስቴ አንጥር' ቢለው ምን ይለው ነበር?»



የማላኪ ሚስት ዴሊያ ዳቦና ሻይ ይዛ መጣች። «ማላኪ፣ ወገብህን ያምሃል፤ ትራስ ላምጣልህ?»

«ካልሲ አምጪ፤ መዳቡ ይበርዳል!»

እኛም ሥራ አቁመን ጋኑን ከበብን። በሦስተኛው ቀን ፋርካር ገዢዎቹን አሰናበተ። አጠገቤ ቆሞ፣ «አባቴም ቢሆን ጋኑ ውስጥ ይገባ ነበር» አለኝ።

ገበያው ግን አልራራልንም። ፋብሪካው ከሰባት ዓመት በኋላ ተዘጋ። እስከ መጨረሻው ቀን ያለ ጭስ፣ ሦስቴ አነጠርን። ያን ቀን አንዳንዶቻችን አለቀስን፤ ማላኪ አላለቀሰም። «ይዝጉት!» አለ። «የሌላ ሰው መልክ ለብሰን አልሸጥንም።» ከዚያ ድንቹን ሊኮተኩት ወደ ቤቱ ሄደ።