የደላንዳ ጀርባ

በባሕር ጠረፏ ከተማ በማህዲያ የደላንዳን ምላስ የማይፈራ ሰው አልነበረም። ሐር ሸማኔ ናት። ባሏን ባሕር ካስቀረው ወዲህ ብቻዋን ትኖራለች፤ ልጅም አልወለደች። ቀኑን ሙሉ ከሽመና ዕቃዋ ጋር ተፋጥጣ ትውልና ዓርብ ሲደርስ ፎጣና ሳሙናዋን በባልዲ ይዛ ወደ ሴቶቹ መታጠቢያ ቤት፣ ወደ ሐማም፣ ትሄዳለች። እንፋሎቱ መሐል ተቀምጣ አንዷን በአማቷ፣ ሌላዋን በቦርጯ ስታበሽቅ ሴቱ ሁሉ በሳቅ ይፈርሳል። ከዚያ የልጅነት ጓደኛዋ ሐሉማ ሻካራውን ጓንት አጥልቃ ጀርባዋን ትፈትግላታለች፤ እሷም በተራዋ የሐሉማን። ከሳምንት ሳምንት የሰው እጅ ገላዋን የሚነካው ያኔ ብቻ ነበር።

አንድ መኸር ላይ እታች ማሳከክ ጀመራት። መጀመሪያ ናቀችው። እያደር ማቃጠል አመጣ፤ የረጋ ወተት የመሰለ ነጭ ፈሳሽም ተከተለ። ሌላ ሴት ብትሆን ለጓደኛዋ ሹክ ትል ነበር። ደላንዳ ግን ሐማም ውስጥ ምን እንደሚባል ከማንም በላይ ታውቃለች፤ የምትለው ራሷ ናታ! ባሏ ለሥራ ሊቢያ የሄደባት አንዲት ምስኪን ስታክ አይታ፣ «ባልሽ ሊቢያ፣ እከኩ ከወዴት?» ብላ ሐማሙን በሳቅ አናውጣዋለች። ሴትየዋ ከዚያ ወዲያ ድርሽ አላለችም። እንግዲህ ባል የሞተባትን ደላንዳንማ ምን ሊሏት ነው?

ስለዚህ ሐማሙን ተወችና ራሷን ማከም ያዘች። ኮምጣጤ በውሃ በጥብጣ ታጠበችበት፤ እንባዋ እስኪፈስ አቃጠላት። ነጭ ሽንኩርት ሞከረች፤ እሱስ አይወራ። ጦስኝ አፍልታ እንፋሎቱ ላይ ተቀመጠች። ሽቶ ሳሙና ገዝታ ጠዋት ማታ ውስጧን ሳይቀር ፈተገችው። በታጠበች ቁጥር ይብስባታል፤ በባሰባት ቁጥር ትታጠባለች። ግትር ሴት አይቼ አውቃለሁ፣ እንዲህ ያለችውን ግን አላየሁም። ጉልበት ይሆነኛል ብላም በማር የታሸ በሶ ትበላለች።

ሐሉማ መጥታ በሩን አንኳኳች።

«አንቺ ሴት፣ የት ጠፋሽ? ጀርባዬ እኮ ቅርፊት አበቀለ» አለች ከውጭ።

«ሥራ በዝቶብኝ ነው። የሙሽራ ልብስ ይዣለሁ» አለች ደላንዳ ከውስጥ።

«እሺ፣ ክፈቺልኝና ፊት ለፊት ዋሺኝ።»

«ሌላ ቀን፣ ሐሉማ።»

ኮቴዋ እስኪርቅ ደላንዳ ግንባሯን በሩ ላይ አስደግፋ ቆመች። መክፈት አማራት፤ እጇም የበሩ መወርወሪያ ላይ ነበር። አልከፈተችም። ሐሉማ ደግማ መጣች፤ ደግማም ተመለሰች፤ በኋላ ቀረች። ያ የብርድ ወቅት ለደላንዳ አልገፋ አለ። ከሽመናው ኳኳታ በቀር ቤቷ ውስጥ ድምፅ አልነበረም።

የማታ ማታ መቀመጥ ሲያቅታት፣ ሸማኔ ደግሞ ሳይቀመጥ አይሠራምና፣ ማንም ወደማያውቃት ከተማ ሄዳ ለሐኪም ታየች። ሐኪሟ ወጣት ሴት ነች።

«ፈንገስ ነው፣ እናቴ» አለቻት መርምራ።

«ባሌ ከሞተ ወዲህ ቤቴ ወንድ ደርሶ አያውቅም» አለች ደላንዳ መሬት መሬት እያየች።

«ስለ ወንድ ማን ጠየቀዎት? ወንድ ነክቷት የማታውቀውንም ይይዛታል። በምን ነበር የሚታጠቡት?»

ስትነግራት ሐኪሟ ፊቷን አጨማደደች። «ኮምጣጤውንም፣ ሽንኩርቱንም፣ ሽቶ ሳሙናውንም ይጣሉ። በንጹሕ ውሃ፣ ያውም ከውጭ ብቻ ይታጠቡ። በደንብ ይድረቁ፤ የውስጥ ልብስዎ ጥጥ ይሁን። እርጎ ከወደዱ ይብሉት፤ ሌላ ቦታ ግን አያድርጉት።» ወደ ውስጥ የሚገባ መድኃኒት አዘዘችላት። ደሟንም አስመረመረችና ስኳር እንዳለባት ነገረቻት፤ ፈንገሱን የሚያባብሰው እሱ ነው፣ ማሩ ይቅር አለቻት።

ደላንዳ መንገዱን ሙሉ አለቀሰች። ለዚህ ነው የብርዱን ወራት ሙሉ ከሰው ተለይቼ የተቀበርኩት? እያለች።

መድኃኒቱን ጨርሳ ደህና ስትሆን፣ ዓርብ ባልዲዋን አንጠልጥላ ሐማም ገባች። ሐሉማ የድሮው ቦታቸው ላይ ተቀምጣ የሌላ ሴት ጀርባ ትፈትጋለች፤ ጋምራ የምትባል፣ በቅርቡ ከገጠር የመጣች ባልቴት። ደላንዳ አጠገባቸው ተቀመጠች። ቀልድ ፈለገች፤ አልመጣላትም።

«አሞኝ ነበር፣ ሐሉማ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እታች። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው።»

ሐሉማ እጇን አላቆመችም። «እስቅብሽ ነበር። አንድ ቀን ሙሉ እስቅብሽ ነበር። በማግስቱ ግን እጅሽን ይዤ ሐኪም ቤት እወስድሽ ነበር።»

«አሁን ድኛለሁ።»

«እሰይ። ደስ ብሎኛል።» የእውነቷን ነበር።

ደላንዳ ጓንቷን ዘረጋችላት። ሐሉማ አየችውና ራሷን ነቀነቀች።

«ከእንግዲህ የምፈታተገው ከጋምራ ጋር ነው፤ ቃል ገብቼላታለሁ። ማንም የላትም እኮ።»

«እኔስ ማን አለኝ?» አለች ደላንዳ። ይህን በሕይወቷ ለማንም ተናግራው አታውቅም።

«ማንም የለሽም» አለች ሐሉማ። «ለዚህ አይደል በርሽ ላይ የቆምኩት?»

ደላንዳ ጓንቱን ራሷ አጠለቀችው። ትከሻዋን፣ ጎኗን፣ ወገቧን ፈተገች። የጀርባዋ መሐል ላይ ግን እጇ አልደረሰም።