አሥር ቁጥር ቁልፍ

ስለ ጦርነቱ የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ ስለ ቦምብ ነው የሚጠይቀኝ። ስንት ጣላችሁ፣ የት ጣላችሁ፣ ድምፁ እንዴት ነው ይለኛል። አሶሳ በቆየንበት ጊዜ ሁሉ የእኛ አውሮፕላኖች አንድም ቦምብ ሲጥሉ አላየሁም ስለው ቅር ይለዋል፤ የደበቅኩት ይመስለዋል። እውነቱ ግን ይኸው ነው። ጠዋት ቦምብ እንሰቅላለን። አውሮፕላኖቹ ተነሥተው ወደ ጉባ ያቀናሉ፤ ግድቡን ከላይ ዞረው፣ ድንበሩን ታክከው ይመለሳሉ። ከሰዓት በኋላ የሰቀልነውን እናወርዳለን። በማግስቱ ያንኑ መልሰን እንሰቅላለን። አንዳንዱን ቦምብ በቀለሙ መላላጥ እንደ ጎረቤት ለይቼ አውቀው ነበር።

እኔ ቴክኒሻን ነበርኩ። ማዕረጌ ሃምሳ አለቃ፣ ሥራዬ ጥገናና የመሣሪያ ክፍል። ለሦስት ወር ነው ተብለን ከቤታችን ወጥተን ዓመት ሊሞላን ምንም አልቀረውም። አብራሪዎቹ ከተማ ውስጥ ቬንቲሌተር ያለው ቤት ተከራይቶላቸዋል። እኛ የምድር ሰዎች ማንጎ ዛፍ ሥር በተተከለ ድንኳን ውስጥ እንቀቀላለን። ማንጎው በበሰለ ጊዜ ድንኳኑ ላይ ዱብ ሲል አዲስ የመጣ ሰው ከአልጋው ይወርዳል፤ እኛ እንስቃለን። ሌላ የሚያስቅ ነገር ብዙም አልነበረንም። ሙቀቱ ብረቱን ያግለዋል፤ ከረፋድ በኋላ ጓንት ያላደረገ ሰው የአውሮፕላን ክንፍ አይነካም። ጓንት ደግሞ የለንም፤ አሮጌ ካልሲ ነበር እጃችን ላይ የምናጠልቀው።

አንድ የምንኮራበት ነገር ነበረን፤ የመሣሪያ መስቀያ ሰሌዳችን። በአንድ ትልቅ ጣውላ ላይ የእያንዳንዱ መሣሪያ ቅርፅ በቀይ ቀለም ተሥሏል። ካቻቢቴው በካቻቢቴው ቅርፅ ላይ፣ ፒንሳው በፒንሳው ላይ፣ እያንዳንዱ የቡሎን መፍቻ ቁልፍ በየቁጥሩ ይሰቀላል። አንድ ነገር ሲጎድል ቀዩ ቅርፅ ባዶውን ያፈጥብሃል። ይህ ለጌጥ አይደለም። የተረሳ ቁልፍ አውሮፕላን ሆድ ውስጥ ከቀረ አየር ላይ ተንሸራትቶ የመሪውን ገመድ ይይዛል፤ አብራሪው መሪውን ቢጎትት እምቢ ይለዋል። ስለዚህ ሰሌዳው ሳይሞላ አውሮፕላን አይነሣም። እዚህ ሥራ ላይ የመጀመሪያው ቀን የተማርኩት ይህን ነው፤ የመሣሪያ ክፍሉ ኃላፊም ሰሌዳው ሙሉ ነው ብሎ ሳይፈርም ሞተር አይነሣም። ኃላፊው እኔ ነበርኩ።

በማኮብኮቢያው ዳርና ዳር ሣር የሚያጭዱ አንድ የበርታ ሽማግሌ ነበሩ። ከሆሞሻ መንገድ በእግራቸው ይመጣሉ። ሥራቸው ሣሩ ከፍ ብሎ መብራቶቹን እንዳይሸፍን ማጨድ ነው፤ የታጨደውን ደግሞ ይዘው እንዲሄዱ ከድሮ ጀምሮ ተፈቅዶላቸዋል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በበጋ አገሬው የደረቀውን ሣር ያቃጥላል፤ እኛ ዘንድ ግን ነዳጅና ቦምብ ስላለ ክብሪት መጫር እንኳ ክልክል ነው። ሚያዝያ ላይ ለቤት ክዳን የሚሆን ረጅም ሣር በቅርብ የሚገኘው እኛው ማኮብኮቢያ ዳር ብቻ ነበር። ሽማግሌው ከማንቡክ ወገን እዚያ በተነሣው ግጭት ተፈናቅላ ከልጆቿ ጋር ለመጣች ሴት ልጃቸው ጎጆ እየሠሩ ነበር። ግድግዳው ቆሟል፤ የቀረው ክዳኑ ነው። በየቀኑ አንድ ሸክም በቀርከሃ ስንጥቅ ጥፍር አድርገው አስረው፣ በራሳቸው ተሸክመው በዋናው በር ይወጣሉ። ዝናቡ ሳይቀድመኝ ይላሉ። በሩ ላይ ያሉት ጠባቂዎች አባባ እያሉ ያሳልፏቸዋል። እኔም በመጡ ቁጥር ውኃ እሰጣቸው ነበር፤ ቁጭ ብለው በሦስት ትንፋሽ ጠጥተው ይመርቁኛል።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሰሌዳው ላይ አንዱን ቀይ ቅርፅ ባዶውን አገኘሁት። አሥር ቁጥር ቁልፍ የለም። ከአንድ ቀን በፊት የሁለተኛውን አውሮፕላን ሆድ ከፍቼ ቡሎን ሳጠብቅ ቦምብ እናውርድ ተብሎ ተጠራሁ፤ ክዳኑን መልሼ ገጥሜ ሮጥኩ። በየትኛው ቁልፍ ነበር የሠራሁት? በአሥር ቁጥር። ይህ ትዝ ያለኝ ዛሬ አይደለም፤ እዚያው ሰሌዳው ፊት ቆሜ ትዝ ብሎኛል።

ለአዛዣችን ነገርኩት። ሻለቃ ነው። አንቱታዬን ለሚገባው ሰው አቆያለሁና እዚህ ላይ እሱ እያልኩ ብተርከው አንባቢ ይታገሠኝ። ሬዲዮኑ በእጁ ነበር፤ ከበላይ ለምን ዘገያችሁ እያሉ ይነዘንዙታል። ሰሌዳውን አየ፤ እኔን አየ።

«ሙላው» አለኝ።

ደንቡ ፈልገው ነው የሚለው። እሱ ሙላው አለኝ። እኔም ሞላሁት። ከግል ሣጥኔ የራሴን አሥር ቁጥር አውጥቼ ቀዩ ቅርፅ ላይ ሰቀልኩና ፈረምኩ። አውሮፕላኑ ተነሣ። እስኪመለስ ድረስ ምሳ አልበላሁም። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሻለቃውን የአውሮፕላኑን ሆድ ከፍቼ ልይ አልኩት። ክዳን ለመክፈት ምክንያት ይጻፋል፤ ምክንያቱ ከተጻፈ ደግሞ ሰሌዳው ጎድሎ አውሮፕላን መነሣቱ ይጻፋል። ለወሩ ፍተሻ ሲከፈት ታየዋለህ አለኝ። እኔ ሞኙ እሺ አልኩ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ፈረምኩ።

በዚህ መሀል ከዋናው ምድብ አንድ ተቆጣጣሪ መጣ። መነጽሩን አድርጎ መሣሪያውን አንድ በአንድ እያነሣ የተቀረጸበትን የክፍላችንን ምልክት ማንበብ ጀመረ። አሥር ቁጥር ላይ ሲደርስ ገልብጦ አየው፤ ምልክት የለበትም። የእናንተ የት ገባ አለ። እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት ሻለቃው ተሰርቋል አለ። ቶሎ ነበር ያለው፤ ያዘጋጀው ይመስል ነበር። ማን ሰረቀው ሲባል ደግሞ ከዚህ ግቢ ዕቃ ተሸክሞ የሚወጣ አንድ ሰው ብቻ ነው አለ።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይኼ ነው።

ሽማግሌውን ጠርተው ከአውሮፕላን ማደሪያው ሃንጋር ፊት አቆሟቸው። ማጭዳቸውን ተቀበሏቸው። የዕለቱን ሸክም ጠባቂዎቹ ፈትተው በተኑት፤ በብረት ዘንግ ወጋጉት። ሣር ነበር። ሻለቃው ታዲያ ትናንት ወይም ከትናንት ወዲያ አውጥተኸዋል አላቸው፤ በአባቱ ዕድሜ ያሉትን ሰው አንተ እያለ። ሽማግሌው አማርኛቸው ጥቂት ነው፤ ያለቻቸውን ቀስ ብለው አወጧት።

«እኔ ብረት አይወስድም። እኔ ሣር ነው የሚወስድ። ወላሂ።»

ይህን ሲሉ እኔን ነበር የሚያዩት። ውኃ የሚሰጣቸው እኔ ነኛ፤ የሚያውቃቸው ሰው እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ ጫማዬን አየሁ። ዝምታ ወርቅ ነው ያለው ሰው ያን ዕለት እዚያ ቢቆም ኖሮ ተረቱን ይመልሰው ነበር። ዝም ያልኩት ፈርቼ ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ፊርማዬ አለበት፤ እስር አለበት፤ ከሥራ መባረር አለበት። ሁለተኛ እዚህ ግቢ እንዳትደርስ ተባሉ። የተበተነውን ሣር ሊሰበስቡ ጎንበስ ሲሉ ተወው አሏቸው። ባዶ እጃቸውን ወጡ። ተቆጣጣሪው ስርቆት ብሎ ጻፈ፤ በማግስቱ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን የመጀመሪያው ዝናብ ጣለ። የአሶሳ ዝናብ ሲጀምር አያስታምምም፤ አንድ ሰዓት የማይሞላ ዝናብ ድንኳናችንን ሐይቅ አደረገው። ጓደኞቼ በጠብታው ሥር ባልዲ ሲያቀያይሩ እኔ ያቺን ክዳን የሌላትን ጎጆ አስብ ነበር። ግድግዳዋ ጭቃ ነው። ክዳን የሌለው ጭቃ ዝናብ ሲመታው ምን እንደሚሆን ለማወቅ ቴክኒሻን መሆን አያስፈልግም።

በማግስቱ ጠዋት ቦምቡ ተሰቅሎ፣ የሁለተኛው አውሮፕላን አብራሪ ተቀምጦ፣ ወረቀቱ ሲቀርብልኝ አልፈርምም አልኩ። ሻለቃው መጣ። ሆዱ ተከፍቶ ካላየሁ አልፈርምም አልኩት። የወታደር ፍርድ ቤት እንዳለ አስታወሰኝ፤ አውቃለሁ ጌታዬ አልኩ። ጮክ ብዬ ነበር የማወራው፤ ሁሉም እንዲሰማ ፈልጌ ነበር። አብራሪው ሰማ። ራስ ቁሩን አውልቆ መሰላሉን ወረደና ክንፉ ጥላ ሥር ቆመ። ከዚያ ወዲያ ያን አውሮፕላን የሚያስነሣ ትእዛዝ አልነበረም።

ክዳኑን ፈታሁት። ቁልፉ እዚያው ነበር፤ ከመሪው ገመድ አንድ ስንዝር አይርቅም። ምልክታችን በግልጽ ይነበባል። አብራሪው በእጁ አንሥቶ ሲያየው ቆየ፤ ከዚያ ለእኔ ሰጠኝና ወደ መኪናው ሄደ። በየቀኑ ከሱ ጋር ሲበር የነበረው ያ ነው።

ሻለቃው ቁልፉን ተቀብሎኝ በራሱ እጅ ሰሌዳው ላይ ሰቀለው። የእኔን የግል ቁልፍ አውርዶ ኪሴ ውስጥ ከተተልኝ። በቃ፣ ተገኘ፣ አለቀ አለ። የሚጻፍ ነገር የለም ማለቱ ነው።

«ሰውዬውስ?» አልኩት።

«የቱ ሰውዬ?»

ደሜ ፈላ። በሦስት ቀን ውስጥ ረስቶታል! የሣሩ ሰውዬ ብዬ ሳስታውሰው፣ ከፈለገ ይመለስ በለው አለኝ። ከፈለገ። ይቅርታ የሚል ቃል ከዚያ አፍ አልወጣም፤ ስርቆት የሚለውንም ቃል ከዚያ ወረቀት ላይ የሰረዘው የለም። እስከ ዛሬም እዚያው ወረቀት ላይ ያለ ይመስለኛል።

ከሥራ በኋላ በሆሞሻ መንገድ እየጠየቅሁ ቤታቸውን አገኘሁ። የጎጆዋ አንድ ጎን ተንዶ ልጃቸው በእጇ ጭቃ ትለስን ነበር፤ ልጆቿ አጠገቧ ውኃ ያመላልሳሉ። ሽማግሌው ወንበራቸውን ለቀው አስቀመጡኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ቁልፉን የረሳሁት እኔ መሆኔን፣ ሰሌዳውን የሞላሁት እኔ መሆኔን፣ እያወቅሁ ዝም ማለቴን። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር፤ ቢሰድቡኝ በወደድኩ። ሰምተውኝ ሲያበቁ አንድ ነገር ጠየቁኝ።

«የሚበር ልጆች ደኅና ነው?»

ደኅና ናቸው አልኳቸው። አልሀምዱሊላህ አሉ። ከዚያ ማሌሽ፣ ማሌሽ እያሉ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ፤ ግድ የለም ማለታቸው ነው። ግድ ነበረው እንጂ! የተናደው ግድግዳ ፊት ለፊቴ ነው ያለው። ያን ቀን በሳቸው ትዕግሥት ሳይቀር ተናደድኩ።

ሰኞ ተመለሱ። ማጭዳቸው ተሰጣቸው፤ የቀድሞ ቦታቸው ላይ ጎንበስ ብለው ማጨድ ጀመሩ። ከሰዓት በኋላ ሸክማቸውን አስረው ወደ በሩ ሲሄዱ አየኋቸውና ውኃ ይዤ ተከተልኳቸው። ጠባቂው ይለፉ አባባ አላቸው። አላለፉም። ሸክሙን አውርደው የቀርከሃውን ማሰሪያ ራሳቸው ፈቱት፤ ሣሩን በእጃቸው ከፈል ከፈል አድርገው ለጠባቂው አሳዩት። ማንም ፈትሹኝ በሉ አላላቸውም። ጠባቂው አፍሮ ኧረ አያስፈልግም አለ። እሳቸው ጨርሰው ካሳዩ በኋላ መልሰው አስረው ሄዱ።

እኛ ከአሶሳ ስንነሣ ክፍላችን ያለ አንዳች አደጋ ግዳጁን ስለፈጸመ ተብሎ የምስጋና ወረቀት ታደለ። ሻለቃው መድረክ ላይ ወጥቶ ተጨበጨበለት። እኔም አንድ ደርሶኛል፤ በካርቶን ውስጥ የሆነ ቦታ አለ። በመጨረሻው ቀን ከኋላ በጭነት መኪና ላይ ተቀምጬ በዋናው በር ስንወጣ ሽማግሌው እዚያው ነበሩ። ሸክማቸው መሬት ላይ ነው። አዩኝና እጃቸውን አነሡልኝ፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው ማሰሪያውን መፍታት ጀመሩ።